በእንስራው አፍ ላይ የታሰረው ውል

አንድ ጊዜ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች፤ ሥራዋ ኑግ መጭመቅ ነበር።

መጭመቂያውን ያገኘችው ከእናቷ ነው። ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ ነው፤ በውስጡ ከባድ ዘነዘና ይዞራል። ከዘነዘናው ጋር ረጅም አግዳሚ እንጨት ተያይዟል። ዳለቻ አግዳሚውን አንገቷ ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትዞራለች። ኑጉ ይደቃል፤ ዘይቱ ይወርዳል። ዝንጀሮ ለጠጉሩ፣ ከርከሮ ለቁስሉ፣ ሚዳቋ ለተሰነጠቀ ሰኮናዋ ዘይት ከእሷ ይወስዱ ነበር። እሷም በዚህ ትኖር ነበር።

በዚያ ሸለቆ ሕግ ነበር። ያወጣው አንበሳ ነው። ከወንዙ ወዲህ ማንም ማንንም በጉልበት አይበላም። ምልክት ያረፈበት ውል ግን ይፈጸማል። በውል የተሰጠ፣ ተሰጠ ነው።

ጅብ ይህን ሕግ አይወደውም። ግን አንበሳን ይፈራል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞላና የዳለቻን ዳስ ጠራርጎ ወሰደው። መጭመቂያውን በጭቃ ውስጥ ጎትታ አተረፈች። የምታኖርበት ቤት ግን አጣች። ቤት የነበረው ጅብ ነው። ሰዎች ጥለውት የሄዱት ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ መካከሉ ላይ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል። ጅብ አይተኛበትም፤ ጉድጓዱ ይበልጥበታል።

ቀበሮ ይህን አየ። ቀበሮ የሸለቆው ጸሐፊ ነበር፤ ፊደል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው ይባል ነበር። ወደ ጅብ ሄደና ቤቱን ለአህያ እንዲያከራይ መከረው። ጅብ፣ ዘይት ምን ያደርግልኛል፣ እኔ የምፈልገው እሷን ነው አለ። ቀበሮም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ዓመቱ ሲሞላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከምሰሶው ጋር ታስሮ የተገኘ ሁሉ ያንተ ይሆናል ብዬ እጽፍልሃለሁ አለው። አህያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንዴት ነው የምትውለው? ታስራ። ጅብ ይህን ለመረዳት ጥቂት ቆየ። ከዚያ ምራቁን ዋጠ።

ውሉን ለማሰር በብሳና ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሌላ ምስክር አልተጠራም። ጅብ ለእንግዳው አዲስ የጤፍ ጭድ አቅርቦ ነበር። ዳለቻ ርቧት ስለነበር በላች። ቀበሮ በፍየል ብራና ላይ በጃርት እሾህ ጻፈ፤ አንዱን ለጅብ፣ አንዱን ለአህያ። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ጅብ ቤቱን ለአንድ ዓመት ሰጥቷል። አህያ በየወሩ አንድ ቅል ዘይት ትሰጣለች። ዓመቱ ሲሞላ ቤቱን ታስረክባለች። በቃ።

ዳለቻ ፊደል አታውቅም። ዓይን ግን አላት። ብራናው እስከ ታች ድረስ ጥቁር ነበር። ንባቡ አጭር ነው፤ ጽሑፉ ረጅም ነው።

«አያ ቀበሮ፣ ከታች ያለውስ?» አለች።

«ለሥርዓቱ ነው። ሁልጊዜ የሚጻፍ ነው።»

ሌላ ሰው ያንብብልኝ ልትል አፏን ከፈተች። ጅብ ቀደማት።

«እመት ዳለቻ፣ ቤቴን ሰጥቼሽ፣ ጭዴን በልተሽ፣ አላመንሽኝም እንዴ?»

ጭዱ ገና አፏ ውስጥ ነበር። ጆሮዋ ወደቀ።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ምን በወጣኝ። አምኜሃለሁ።»

ሰኮናዋን ጥላሸት ውስጥ ነክራ በሁለቱም ላይ አተመች። ጅብም መዳፉን አተመ። ከታች ያለውን ለእሱም ማንም አላነበበለትም፤ በሹክሹክታ የሰማው በቅቶታል። ቀበሮ የጅብን ብራና እኔ ጋ ይቀመጥልህ፣ አንተ ትበላዋለህ አለው። ጅብ ሳቀ። እውነት ነበር።

ዳለቻ ቤት ገባች። ጅብ የቤት መግቢያ ብሎ ጥቂት አዲስ ጠፍሮች አመጣላት፤ ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው። በአንዱ አግዳሚውን ከምሰሶው ጋር አሰረች። ሌላውን ከአግዳሚው ጫፍ አስራ ለአንገቷ ማነቂያ አደረገችው። ጠፍር ጠዋት በውሃ ሲርስ ይለሰልሳል፤ አንገቷን ታስገባለች። ቀን ሲደርቅ ይጠብቃል። ማታ አንገቷን አጠገቧ ባለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ነክራ እስኪለሰልስ ጠብቃ ትወጣለች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ምንም አልመሰላትም።

የእሷን ብራና ደግሞ ጥሩ ሥራ ሰጠችው። የዘይት እንስራዋ ክዳን አልነበረውም። ብራናውን በእንስራው አፍ ላይ ዘርግታ በጠፍር አሰረችው። ዘይት አያስወጣም፣ ዝንብ አያስገባም። እንስራው እንዳይገለበጥም በዚያው ጠፍር ከምሰሶው ጋር አያያዘችው።

ዓመቱ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ኤሊ ዘይት ልትወስድ መጣች። ኤሊ ያረጀች፣ ዝምተኛ ነበረች። አርባ ዓመት በአንድ የቄስ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ኖራለች። ልጆቹ መሬት ላይ ሲጽፉ ከሥር ሆና ታይ ነበር። ፊደል ማወቋን ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። ዘይቷን ስትጠብቅ ዓይኗ እንስራው ላይ ቀረ። ብራናው ዘይት ጠጥቶ ጽሑፉ ደምቆ ወጥቶ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የቤቱ ውል ነው እማማ። ቆዳው ጥሩ ስለሆነ ክዳን አደረግሁት።»

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ዓመቱ ሲሞላ ቤቱን አስረክቢ ይላል።»

ኤሊ አንገቷን አውጥታ እንስራውን ዞረችው። አንድ ጊዜ ዞረች። እንደገና ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበች።

«‹ዓመቱ በሞላበት ቀን ተከራይ የአከራይን ኑግ ከማንም አስቀድማ ትጨምቃለች። እምቢ ካለች ያላት ሁሉ ይወረሳል። በዚያው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ከምሰሶው ጋር ታስሮ የተገኘ ነገር ካለ፣ የታሰረውም ቤቱም ለውሉ ጸሐፊ ለቀበሮ ይሆናል።›»

ዳለቻ መዞሯን አቆመች። ዘነዘናው ቆመ። ከምሰሶው ጋር የታሰረውን ቆጠረች። መጭመቂያው። እንስራው። ከዚያ ማነቂያው ቆረቆራት፤ ሦስተኛዋ እሷ ነበረች።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ብራናውን ከእንስራው ፈትታ በአፏ ይዛ፣ ከኤሊ ጋር ወደ አንበሳ ሄደች። ኤሊ ሌላ ማንም በሌለበት አነበበችለት። አንበሳ የሰኮናውን ምልክት አየ።

«ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ።»

«አስገድደውሻል?»

«የለም። ያነበቡልኝና የተጻፈው ግን አንድ አይደለም።»

«ሲያነቡልሽ ማን ሰማ?»

ዳለቻ አሰበች። ጅብና ቀበሮ ነበሩ። ሌላ ማንም አልነበረም።

አንበሳ ምልክቱን እንደገና አየ። ከዚያ ውሉን ልቀድልሽ አልችልም አላት። የአንዱን ከቀደድኩ የሁሉም ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ጥርስ እንመለሳለን አለ። እሱ ግን ቀኑ ሲሞላ ይመጣል፤ ውል ሲያልቅ መገኘት ልማዱ ነው። ውሉ እስኪያልቅ ድረስም ምልክት ያኖረ ሁሉ፣ በአንበሳ ፊት ይነበብልኝ ማለት ይችላል። እስከ ዛሬ የጠየቀ ግን አላየም።

«አንቺስ ያን ቀን ለምን አልጠየቅሽም?» አላት።

«አፈርኩ ጌታዬ።»

ሲመለሱ ዳለቻ መንገድ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ብራናው ላይ ሁለት ምልክት አለ። ጅብ ማንበብ ይችላል?»

«ጅብ?» አለች ኤሊ። ሳቋን ዋጠች።

«አሁኑኑ ልንገረው?»

«አሁን ብትነግሪው ቀበሮ ሌላ ቃል ያበጅለታል። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ይሁን። እኔም እመጣለሁ።»

ዳለቻ ብራናውን እንደነበረ በእንስራው አፍ ላይ አሰረችው። ቀበሮ በየቀኑ በበሩ እያለፈ ያይ ነበር፤ እንዲጠረጥር አልፈለገችም።

ቀኑ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ጅብ ሦስት ስልቻ ኑግ ተሸክሞ መጣ። በሕይወቱ ኑግ ተሸክሞ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዛሬ እንድትጨርሺልኝ አላት። እምቢ ብትል ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ማነቂያውን አርሳ አንገቷን አስገባች። መዞር ጀመረች።

ጅብ ከገንዳው አጠገብ ተጋደመ። ስትዞር ያያታል። ዓይኑ አብሯት ይዞራል። አንድ ስልቻ ሳያልቅ ተነሣና ገንዳውን ጠጣው። እስከ ጭቃው ጠጣው።

«የዛሬ ፀሐይ ውሃ ያስጠማል» አለ።

ዳለቻ መዞሯን ቀጠለች። ጠፍሩ መድረቅ ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ቆዳዋን ያዘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትውጥ ይሰማታል። አሥር ሰዓት ላይ ቀበሮ የጅብን ብራና በብብቱ ይዞ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማነቂያውን አየ። ገንዳውን አየ። ጅራቱን እግሩ ላይ ጠቀለለ። እንዴት ዋላችሁ አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንበሳ መጣ። በሩ ወደ ምዕራብ ያያል። የፀሐይዋ ብርሃን በበሩ ገብቶ ምሰሶው ሥር አርፎ ነበር። ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ብርሃኑ ምሰሶውን ሽቅብ ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲጠፋ ጠልቃለች ማለት ነው።

ኤሊ አልመጣችም። ከቤቷ እስከዚህ አንድ ኮረብታ አለ። የተነሣችው በዋዜማው ነው። ዳለቻ በዞረች ቁጥር በሩን ታያለች። በሩ ባዶ ነው። ብርሃኑ አግዳሚው የታሰረበት ደረሰ። አለፈው። ከምሰሶው የቀረው አንድ ክንድ ሲሆን ቆመች። ትንፋሿ ያፏጫል።

«ጌታዬ፣ ውሉ ይነበብልኝ።»

ቀበሮ ብድግ አለ። ምን ችግር አለ ብሎ ብራናውን ዘረጋ። ፈጥኖ አነበበ። ከምሰሶው ጋር ታስሮ የተገኘ ሁሉ ለአከራዩ ለጅብ ይሆናል አለ። ጅብ ምላሱን አዞረ።

«ሌላ ያንብብልኝ» አለች ዳለቻ።

«ሌላ ማን ያውቃል?» አለ ቀበሮ። ዙሪያውን አየ። «እስቲ ይምጣ።»

ብርሃኑ ሽቅብ ወጣ። ከምሰሶው የቀረው ግማሽ ክንድ ነው። ያን ጊዜ ደጃፉ ላይ አንድ ነገር ድንጋይ ፋቀ። የኤሊ ድንጋይ ልብስ ነበር። ደጃፉ ከፍ ብሎባት ለመውጣት ትታገላለች። አንበሳ በእጁ መዳፍ ደግፎ አወጣት። ኤሊ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። ቀበሮ በዘረጋው ብራና ላይ አፍጥጣ እንደ መጀመሪያው ቀን ቃል በቃል አነበበች። ‹የታሰረውም ቤቱም ለውሉ ጸሐፊ ለቀበሮ ይሆናል።›

ጅብ ራሱን አከከ።

«ቀበሮዬ፣ ምንድን ነው የምትለው ይህቺ?»

«አርጅታለች። ዓይኗ ደክሟል» አለ ቀበሮ። ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። «አያ ጅቦ፣ አንተም አላመንከኝም እንዴ?»

ጅብ ዓይኑን ሰበረ።

«ኧረ እኔ ምን በወጣኝ» አለ። «አምንሃለሁ።»

ዳለቻ ይህን ሰማች። ቃሉን ታውቀዋለች። የራሷ ቃል ነበር።

አንበሳ ማንበብ አያውቅም። ቀበሮንና ኤሊን አየ፤ ብርሃኑንም አየ። ከዚያ አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል ከደጅ ቀጥፎ ቀበሮ ፊት አኖረ።

«ቀበሮ፣ አንተ እንዳነበብከው ከሆነ ከዚህ ቤት ምንም አይደርስህም።»

«ምንም አይደርሰኝም ጌታዬ።»

«መልካም። እንግዲያውስ ‹ከዚህ ቤት ምንም አልወስድም› ብለህ እዚህ ላይ መዳፍህን አትም። እውነት ከሆነ የምታጣው የለም።»

ቀበሮ ቅጠሉን አየ። ወደ ምሰሶው ጫፍ አየ። ስንት እንደቀረ ለካ።

«እሱማ... ለምን ነገ ጠዋት በደንብ አድርገን አንጽፈውም ጌታዬ» አለ።

«መዳፍህን ብቻ ነው።»

ቀበሮ መዳፉን ከሥሩ አጥፎ ተቀመጠበት።

ጅብ ቅጠሉን አየ። የቀበሮን የታጠፈ መዳፍ አየ። ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ግን ገባው።

«ቤቴን?» አለ። «እሷንም? ቤቴንም?»

«ታስሮ የተገኘ ካለ ነው አያ ጅቦ» አለች ዳለቻ፤ ድምጿ ከጠፍሩ ሥር ቀጥኖ ወጣ። «ከሌለ ግን ቤትህ ያንተው ነው። ጠፍሩ ደግሞ የበሬ ቆዳ ነው።»

ጅብ ተነሣ። አፉን ከፍቶ ወደ አንገቷ መጣ። ትንፋሹ ጆሮዋን አሞቀው። ጥርሱ ቆዳዋን ነካ። ከአንድ ዓመት በፊት ይህን ጥርስ ባታምነው ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር፤ አሁን ደግሞ ከማመን ሌላ መንገድ የላትም። ዓይኗን ጨፈነች።

ቀጭ አለ።

አየር ገባላት። ጠፍሩ በጅብ አፍ ውስጥ ይሰበራል። አግዳሚውን ወደያዘው ዞረ፤ ያንንም በጠሰ። አላላመጠውም፤ ዋጠው። ምሰሶው ላይ የቀረው ብርሃን የአንድ ጣት ስፋት ነው። ጅብ ጨርሻለሁ ብሎ ቆመ። የቀበሮ ጅራት ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ዳለቻ ያቺን ጅራት አየች። ቀበሮ ወደሚያየው አየች።

«እንስራው፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ ዘለለ። የእንስራውን ጠፍር ነከሰ፣ ጎተተ። ብራናው አብሮ መጣ። ዓመት ሙሉ ዘይት የጠጣ የፍየል ቆዳ ነው፤ እሱንም ከነሰኮናው ምልክት ዋጠው። እንስራው ተገለበጠና ተሰበረ። የዳለቻ ዘይት ሁሉ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ብርሃኑ ጠፋ።

አንበሳ ገብቶ ምሰሶውን በመዳፉ ዳሰሰ። አንድ ጊዜ ዞረው።

«የታሰረ የለም» አለ። «ውሉ አልቋል።»

ዞር ብለው ሲያዩ ቀበሮ አልነበረም። ብራናውን እንኳ ጥሎት ሄዷል። ጅብ እሱንም በላው፤ ዘይት ስላልነካው አልጣመውም። ከዚያ ዳለቻን አየ። አንበሳም ጅብን አየ። ጅብ ቤቱን ዞሮ ማየት ጀመረ።

ዳለቻ መጭመቂያዋን ጎትታ ወጣች። እግሯ በዘይቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዳለጣት። ኤሊ ከኋላ እየተከተለች ነበር። በዳለቻ አንገት ላይ ጠፍሩ የነበረበት ቦታ ጠጉር ዳግመኛ አልበቀለም።

በሚቀጥለው ወር ከርከሮ ከኮረብታው ማዶ ያለውን መጋዘኑን ሊያከራያት ተስማማ። ከርከሮ ጨዋ ነው፤ ተንኮል የለውም። ውሉም አጭር ነበር። ዳለቻ ግን ምስክሮች ጠራች። የቀረበላትን ገብስ ሳትነካ ተቀመጠች። ኤሊ አነበበች። ዳለቻ ይደገም አለች። ተደገመ። ሦስተኛም ይነበብ ስትል ከርከሮ ፊቱ ጠቆረ።

«እመት ዳለቻ፣ አላመንሽኝም እንዴ?»

ምስክሮቹ አፈሩላት። እሷም አፈረች፤ ጆሮዋ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ አንገቷ አሳከካት።

«አምኜሃለሁ ከርከሮ» አለች። «ይነበብ።»

ከዚህ የምንማረው በውል ላይ ምልክታችንን ከማኖራችን በፊት፣ በውሉ የማይጠቀም ሌላ ሰው በምስክር ፊት እስከ መጨረሻው መስመር እንዲያነብልን መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አለመሆኑን ነው።